የግማሽ ሸቀል መልስ

ባለፈው ሳምንት አሽቀሎን ባቡር ጣቢያ ሻይ ልገዛ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ ያሉት ሁሉ ስልካቸውን እንደ ክታብ ወደ ማሽኑ እያስጠጉ አለፉ፤ በሳንቲም የከፈልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሻጩ ወጣት ገንዘቤን ሲያይ ተንፈስ አለና መልስ ፍለጋ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለ፤ ከገበያ የጠፋ መድኃኒት የጠየቅሁት ይመስል። መልሱን መዳፌ ላይ ሲያኖርልኝ አውራ ጣቴ ማንም ሳያዘው የግማሽ ሸቀሏን ፊት አንድ ጊዜ ዳሰሰ። ልሙጥ ናት። ጣቴ ግን ይህን ልማዱን አልተወም፤ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ምንም ሳያገኝ ይዳስሳል።

የሳንቲም ሽታ የምንለው የሳንቲም አይደለም ይባላል። ብረት ለብቻው አይሸትም፤ የሚሸተው ብረት የነካው የሰው ቆዳ ነው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ «ገንዘብ ቆሻሻ ነው፣ እጅሽን ታጠቢ» የሚሉኝን አልሰማም። ሰው ሁሉ የወጣትነቱን ሽታ ሲጠየቅ ወደ እናቱ ማጀት ይሮጣል። የእኔ ወጣትነት ነሐስ፣ ናፍጣና የተቆላ የሱፍ ፍሬ ይሸታል፤ የተሻለ ሽታም አልፈልግለትም።

ያኔ ከሠራዊት ገና መለቀቄ ነበር። ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ብዬ በአሽቀሎን ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ከአንድ ኪዮስክ ተቀጠርኩ። ኪዮስኩ ቁም ሣጥን ያህላል። እሑድ ጠዋት ሻንጣቸውን የተሸከሙ ወታደሮች ይመጣሉ፤ ቀጥሎ የፋብሪካ ሠራተኞች፤ ረፈድ ሲል ደግሞ ከሚግዳል ገበያ ሽንኩርት በዘንቢል የሞሉ ሴቶች። የአውቶቡሶቹ በር እየተነፈሰ ይከፈታል፣ ነፋሱ ከባሕር በኩል ጨው ይዞ ይገባል፣ ፀሐይ በመጠለያዎቹ ጣሪያ መሐል ሾልካ ጠረጴዛዬ ላይ ስትወድቅ ሳንቲሞቹ ሁሉ ወርቅ ይመስላሉ። ወርቅ አልነበሩም፤ ደመወዜም እንደዚያው። ግን የከተማው ሳንቲም ሁሉ አንድ ቀን በዚያች ጠረጴዛ ላይ ማለፉ አይቀርም ነበር።

ምልክቷን መጀመሪያ ያገኘኋት በጣቴ ነው። ግማሽ ሸቀል ሰፋ ያለች ቢጫ ሳንቲም ናት፤ በአንድ ፊቷ በገና ተቀርጾባታል። አንድ ወታደር ማስቲካ ገዝቶ የሰጠኝ ግማሽ ሸቀል ከበገናው ጎን ጎርበጥ አለኝ። ወደ ብርሃኑ አወጣኋት። አንድ ሰው በመዶሻ ትንሽ ምልክት መትቶባታል፤ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከወገቡ በላይ አግድም የሚያቋርጠው ሌላ አጭር መስመር። ዐይኔ ሳያስፈቅደኝ አነበባት። «ተ» አልኩ ለብቻዬ። ከጎንደር ወጥተን ለመብረር ተራ ስንጠብቅ በከረምንባት አዲስ አበባ ፊደል ቆጥሬ ነበር፤ እዚህ ከመጣሁ በኋላ የተማርኩት ዕብራይስጥም አላስረሳኝም። ከዚያ ሳቄ መጣ። የእስራኤልን ገንዘብ በአማርኛ የሚፈርም ማነው?

ሳንቲሟን ያሳየሁት ለመሐንዲሱ ነው። መሐንዲሱ ከሩሲያ የመጣ ጡረተኛ ነበር። የልጁ ቤት ስለሚጠበው ቀኑን ሙሉ ከኪዮስኩ ፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይውላል፤ የትም የማይሄድ ተሳፋሪ። በአገሩ ሳንቲም ሰብሳቢ ነበርና አጉሊ መነጽሩ ከኪሱ አይለይም። ዕብራይስጡ የተሰባበረ ነው፤ የኔም ያኔ ብዙ አይሻልም ነበር፣ እና ደህና እንግባባ ነበር። ሳንቲሟን እንደ ሐኪም በአጉሊ መነጽሩ መረመራት። ከዚያ ነገሩን ሁሉ ነገረኝ፦ በሩቅ ምሥራቅ ነጋዴዎች የብር ሳንቲም ሲቀበሉ እውነተኛ መሆኑን ፈትነው የራሳቸውን ትንሽ ማኅተም ይመቱበት እንደነበረ፣ በሌላም አገር ቀራጭ፣ ቡና ቤት፣ አመፀኛ፣ አፍቃሪ ሁሉ የመንግሥትን ገንዘብ በመዶሻ ሲፈርምበት እንደኖረ። «አንቺ ከጠገራ ብር አገር መጥተሽ ይህን አታውቂም?» ብሎ ወቀሰኝ። በእኔ አገር ጠገራ ቀልጦ ጌጥ እንደሚሆን እንጂ እንደሚፈረምበት አልሰማሁም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰብሳቢ ሆንኩ። ምልክት ያለባት ግማሽ ሸቀል ስትመጣ ከራሴ ኪስ ልሙጧን አስገብቼ እሷን አወጣለሁ፤ ባዶ የሐልዋ ጣፋጭ ቆርቆሮ ውስጥ ከጠረጴዛው ሥር አኖራታለሁ። ብዙ አይመጡም። ሁለት ሳምንት ጠፍተው አንዷ ብቅ ትላለች። አንዳንዷ ጠልቃ የተመታች፣ አንዳንዷ በጎን ያዘነበለች፤ እጁ ግን አንድ ነው። መሐንዲሱ ምልክቷን መስቀል ወይም የመደመር ምልክት ነው ይል ነበር፤ ፊደል ናት ብዬ ብነግረው አልዋጥለት አለ። የሰላዮች መለያ ነው ብሎ አመነ፣ ሲሰለቸው የኮንትሮባንድ ነጋዴዎች አደረጋቸው። እኔ ደግሞ የፍቅር ነው አልኩ፤ ሃያ ዓመቴ ነበራ። ስሟ በተ የሚጀምር ሴት የሆነ ቦታ ታኩርፋለች፣ አንድ ሰው ከተማውን በስሟ ይሞላል። ይህን ስነግረው መሐንዲሱ አጉሊ መነጽሩን አጥፎ፣ በዚህ ዕድሜሽ ሳይንስ አይገባሽም ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።

ስብስብን ብዙ ሰው እንደ ሕመም ያየዋል። እኔ አላየውም። አንድ መንግሥት በሳንቲም ላይ የፈለገውን ምስል ሲመታ ማንም ምን ማለትህ ነው አይለውም፤ አንድ ሰው ከሥሩ ትንሽ ፊደል ሲያክልበት ግን ጤነኛ አይደለም ይባላል። ከሁለቱ ማንን መስማት እንዳለብኝ ያኔም ጥርጥር አልነበረኝም።

ከደንበኞቼ አንዱ ግን ያናድደኝ ነበር። ጎልማሳ ነው፤ ከኢንዱስትሪው ሠፈር፣ ከአንድ የብረት ሥራ ቤት፣ ሰማያዊ ቱታውን እንደለበሰ ከሥራ ሲወጣ ይመጣል። ኋላ ከመጡት የጎንደር ሰዎች ነው። ሁልጊዜ ያችኑ የሎሚ መጠጥ ይገዛል፤ ዋጋዋ አራት ሸቀል ተኩል ነው፣ ሁልጊዜ አምስት ሸቀል ይሰጠኛል። ግማሽ ሸቀል ስመልስለት ሳንቲሟን አንዴ በፊቷ አንዴ በጀርባዋ ያያታል፣ በአውራ ጣቱ ይዳስሳታል፣ ከዚያ ኪሱ ይከታታል። መጠጡን ደግሞ አይጠጣውም፤ ለተገኘ ወታደር ሰጥቶት ይሄዳል። አንድ ቀን ታገሥኩ ታገሥኩና ሐሰተኛ የሰጠሁህ መስሎህ ነው ወይ አልኩት።

«የለም እታለም» አለኝ፣ ሳቅ ሳይል። «ሰላም ልላት ብዬ ነው።»

ቀልድ መስሎኝ ተናደድኩ። የባለ ቱታውን ነገር ለመሐንዲሱ ብነግረው ምናልባት ቀድሞ ይገባው ነበር፤ አልነገርኩትም።

ወሬው የተነሣው ከሚግዳል ነው። እዚያ በርበሬና ጤፍ የምትሸጥ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ሴት ነበረች። አንድ ቀን የሱቋን መሳቢያ ስትቆጥር ምልክቷን አየች። እትዬ ጎንደር ገጠር አድጋ ፊደል አልቆጠረችም፤ መስቀል ግን በጎረቤቶቿ አንገት ላይ ስታየው ኖራለች። ያየችው መስቀል ነው። ሳንቲሟን እንደ ፍም ከእጇ ጣለቻት። በሳምንቱ የሠፈራችን ሴቶች ግማሽ ሸቀል ሳያገላብጡ መቀበል ተዉ። ልጆቻቸውም፣ እዚህ ተወልደው ዕብራይስጥ ብቻ የሚያነቡት፣ አይተው መስቀል ነው አሉ። በተና በመስቀል መካከል ያለው ልዩነት አንባቢው ብቻ ነው፤ በሠፈራችን ደግሞ አንባቢ አልነበረም።

ነገሩ ቀልድ ያልነበረው ለአንድ ምክንያት ነው። እኛ ከአዲስ አበባ በአንድ ጊዜ በአውሮፕላን የመጣነው ቤተ እስራኤሎች አለን። ከእኛ ኋላ የመጡ ደግሞ አሉ፤ አያቶቻቸው ክርስትና የገቡ፣ አሁን ወደ አይሁድነት ለመመለስ ራቢ ፊት ቁጭ ብለው የሚማሩ፣ ጊዩር የሚባለውን። ግማሽ ቤተሰባቸው ጎንደር ፋይሉ እስኪታይለት ይጠብቃል። ከእነሱ አንዱ በመስቀል ከተጠረጠረ የእሱ ትምህርት ብቻ አይደለም የሚቆመው፤ የሚጠብቁትም በሩ ይዘጋባቸዋል። ይህን ሁሉም ያውቃል። አባቴም ያውቅ ነበር።

አባቴ በከተማው የአትክልት ሥፍራዎች የሚሠራ፣ በምኩራብ የፊት ወንበር የማይለቅ ሰው ነበር። መጽሐፉን ዘርግቶ ይይዛል፣ ጸሎቱን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፣ ገጹን የሚገልጠው ግን ጎረቤቱ ሲገልጥ አይቶ ነው። ደብዳቤ ሲመጣ መነጽሬን ረስቻለሁ ብሎ ለእኔ ይሰጠኛል። መነጽር ኖሮት አያውቅም። እኔም ይህን ጠቅሼ አላውቅም፤ በቤታችን ከጸሎት ቀጥሎ በጥንቃቄ የሚጠበቀው ነገር ይህ ነበር።

ሐሙስ እራት ላይ ከመሐረቡ ቋጠሮ አንዲት ግማሽ ሸቀል አውጥቶ ገበታው ላይ አኖራት። እትዬ ነበረች የሰጠችው። ኋላ የመጡት መስቀላቸውን አልጣሉም አለ፤ ሻባት፣ ሰንበታችን፣ ይውጣና ይህችን ይዤ ጊዩር ለሚያስተምረው ራቢ አሳየዋለሁ፣ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ይመርምር አለ። ተ ናት እንጂ መስቀል አይደለችም አልኩት። በጥንቱ ዕብራይስጥ ታቭ የምትባለው የመጨረሻዋ ፊደል ራሷ እንዲህ ነበረች፣ ወስደህ ለራቢው ብታሳየው ይስቅብሃል ብዬም ጨመርኩ፤ ከነገር ሁሉ በዚህች ዕውቀቴ በጣም እኮራ ነበር። አባቴ አኘከና ዋጠ።

«ፊደል ብትሆን እኔ አላውቃትም ነበር?» አለ።

ማለት የሚቻለው አንድ ነገር ነበር፤ እሱ በዚያ ቤት አይባልም።

የሚገርመኝ አባቴ የአንጥረኛ ልጅ መሆኑ ነው። ጎንደር ሳሉ አያቴ ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጠ መንደሩን ሁሉ ያበላ ነበር፤ መንደሩ ደግሞ ቡዳ ነው፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል እያለ ልጆቹን ከፊቱ ያሸሽ ነበር። በመዶሻ የተመታ ነገር ሁሉ ያስፈራቸው ነበር። እነሆ የዚያ አንጥረኛ ልጅ ባሕር ተሻግሮ፣ በመዶሻ የተመታች ሳንቲም አይቶ ፈራ። ሰው የተፈራበትን ነገር ሲፈራ ማየት ያስቃል፤ የገዛ አባት ካልሆነ።

ዓርብ ኪዮስኩን ቀትር አልፎ እንዘጋለን፤ የመጨረሻዎቹ አውቶቡሶች ሻባት ሳይገባ ይወጣሉና። አባቴ ዓርብ ዓርብ መጥቶ የብረት መዝጊያውን አብሮኝ ይስብና በእግር ወደ ቤት እንሄዳለን። የዚያን ዓርብ ሲደርስ ባለ ቱታው ከጠረጴዛው ፊት ቆሞ ነበር። አምስት ሸቀሉን ሰጥቶኛል፣ የሎሚ መጠጡን አውርጄለታለሁ፣ እጁን ዘርግቶ መልሱን ይጠብቃል።

አባቴ ሰላምታውን ሳይጨርስ መሳቢያሽን ክፈቺ አለኝ። ግማሽ ግማሹን ሁሉ አውጪና እንይ፣ መስቀሉ እዚህም ደርሶ እንደሆነ። ማሳያ እንዲሆነኝ መሐረቡን ፈታና ሳንቲሟን ጠረጴዛው ላይ አኖራት፣ በገናዋን ወደ ላይ።

ባለ ቱታው እጁ እንደተዘረጋ ሳንቲሟን አያት።

«ተመለሰች» አለ።

ከአፉ አምልጣው ነው። ከዚያ ደግሞ አላት፣ ቀስ ብሎ፣ እኛን ረስቶ። አባቴ ማን ናት የተመለሰችው ብሎ ሲዞርበት ነው የት እንደቆመ የገባው። ዙሪያውን አየ። የሚሮጥ መስሎኝ ነበር፤ መሮጥም ይችል ነበር፣ ስሙን እንኳ አናውቅም። ኮፍያውን አወለቀ።

«እኔ ነኝ የመታኋት፣ አባባ። መስቀል አይደለችም። ተ ናት።»

ከዚያ ነገረን። ሲናገር ጠረጴዛውን እንጂ እኛን አያይም ነበር። እናቱ ጎንደር ናት፤ ፋይሏ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። ሲለያዩ አይዞህ እመጣለሁ ብላ እሱን ያጽናናችው እሷ ናት። ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር አንዲት ግማሽ ሸቀል ወስዶ በሥራ ቤቱ ማረፊያ ሰዓት፣ ከሚስማር ራስ በሞረደው ማኅተም፣ አንድ ጊዜ ይመታታል። ተ ማለት ተመለሽ ነው፤ እንዲህ ብሎ ይሸኛታል፣ በገበያ ወይም በአውቶቡስ ያጠፋታል። ከላካቸው አንዷ ብቻ ከማያውቀው ሰው እጅ በመልስ ከተመለሰችለት የእናቱም መልስ ይመጣል ብሎ ተስሎ ነበር።

«ሚስራድ ስሄድ መልስ የለም ይሉኛል» አለ፣ የመንግሥቱን ቢሮ ማለቱ ነው። «እዚህ ግን መልስ የለም ብሎኝ የሚያውቅ የለም።»

ለካ የሎሚ መጠጥ አልነበረም ሲገዛ የኖረው። መልስ ነበር የሚገዛው፣ ሁልጊዜ ግማሽ ሸቀል የሆነ መልስ፣ የከተማው ሳንቲም ሁሉ ከሚያልፍበት ቦታ። የሐልዋው ቆርቆሮ ደግሞ ከእጁ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ ሳንቲሞቹን ይዞ ተቀምጧል። በአሽቀሎን ከተማ ሳንቲሙ ፈጽሞ ሊመለስለት የማይችልበት አንድ ቦታ ነበር፤ እሱ መርጦ የቆመው እዚያ ነው።

አባቴ ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ። ሳንቲሟን አንሥቶ ወደ እኔ አቀረባት።

«አንብቢያት።»

«ተ» አልኩ።

አዞራት፣ ቀና አደረጋት፣ እንደገና አቀረባት። «ደግመሽ።»

«ተ ናት፣ አባዬ።»

ከሰውየው ጋር ዐይን ለዐይን ተያዩ። አባቴ ወደ ምኩራብ የሚለብሰውን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፤ የአንገቱን ቁልፍ ፈታ፣ ሲያስበው ደግሞ መልሶ ቆለፈው። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አለ፤ ለማያውቀው ሰው፣ በአደባባይ፣ እኔ በሰማሁበት። ድምፁ የሻባትን መግቢያ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነበር። ቀጥሎ አውራ ጣቱን ምልክቷ ላይ አሳረፈ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ዳሰሳት።

«በአንድ ምት ነው የመታሃት። ማን አስተማረህ?»

«አያቴ። አንጥረኛ ነበር። ክርስትና የገባው በረሃብ ዘመን ነው፤ ከገባም በኋላ ቡዳ ማለቱን አልተዉለትም።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ የሚያውቀውን ሰው ሰላምታ እንደ ተቀበለ። ባለ ቱታው ሳንቲሟን ሊወስድ እጁን ሰደድ ሲያደርግ ግን አባቴ በመዳፉ ከደናት።

«አትንካት። በእጄ ከሰጠሁህ ምፅዋት ነው፤ ምፅዋት መልስ አይሆንም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ማስቲካ ስጪኝ።»

አባቴ በሕይወቱ ማስቲካ አኝኮ አያውቅም፤ የሚያኝኩትን ከፍየል ያመሳስላቸው ነበር። ደንግጬ ምን ዓይነት አልኩት።

«የግማሽ ሸቀል።»

ሰጠሁት። ሳንቲሟን ከፈለኝ፤ ተቀበልኳትና ከሌሎቹ ጋር መሳቢያዬ ውስጥ ጣልኳት፣ ድምፅዋ ተሰማ። አባቴ ማስቲካውን ከነወረቀቱ ደረት ኪሱ ከተተ።

«አሁን መልሱን ስጪው» አለኝ።

ሰጠሁት። ባለ ቱታው ያችኑ ሳንቲም በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ሳይገለብጣት ጨበጣት። ለአባቴ ጉልበቱን ነካ አድርጎ እጅ ነሣና ሻባት ሻሎም ብሎ ሄደ፤ የሎሚ መጠጡ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ከአግዳሚ ወንበሩ ላይ ሁሉን ሲያይ የቆየው መሐንዲስ፣ አማርኛ ቃል የማያውቀው፣ ተንጠራርቶ ጠየቀኝ።

«ተገኘ?»

«ተገኘ።»

«ሰላይ ነው?»

«የእናቱ ልጅ ነው» አልኩት። በአማርኛ ሲባል እንደሚጥመው በዕብራይስጥ አልጣመም።

እናትየዋ መጣች ወይ ትለኝ ይሆናል። መጣች። ወዲያው አይደለም፤ አንድ ዘመድ ወረቀት አገኘ፣ አንድ ጠበቃ ደከመ፣ ሁለት ክረምት አለፈ። ልጇ ስለቱ ነው ይላል፣ እኔ ጠበቃው ነው እላለሁ፤ በዚህ እስከ ዛሬ ባገኘሁት ቁጥር እንከራከራለን፣ ሁለታችንም አንሸነፍም። የቆርቆሮውን ነገር ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ፤ «እንግዲያ ገንዘቤን ስታጠራቅሚልኝ ነበራ» አለኝ። ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ወደ ከተማው መለስኳቸው፣ ለማን እንደሰጠሁ ሳላይ። መሐንዲሱ ሰባት ቀን አላናገረኝም፤ ታሪክ እያጠፋሁ ነበርና። ልክ ነው ብዬ ግን አላምንም። ሰብሳቢ ማለት ሁሉም ነገር በመንገድ ላይ መሆኑን የሚረሳ ሰው ነው፤ እኔ ያኔ በጊዜ አስታወስኩ።

አባቴ ወደ ራቢው አልሄደም። እሑድ በጠዋት የሄደው ሚግዳል ነው። እትዬን ከደንበኞቿ ፊት፣ ይህ የምታወሪው ነገር ፊደል ነው፣ መስቀል አይደለም ብሎ ገሠጻት። ምን ፊደል ብላ አፋጠጠችው።

«ተ» አለ አባቴ፣ በዘመኑ ሁሉ ሲያነብ እንደ ኖረ ሰው። ጣቱን በርበሬ ነክሮ ጠረጴዛዋ ላይ ጻፈላት። እትዬ አፏን ያዘች ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ በወሬም ሆነ በሚዛን አልተከራከረችውም።

የተማራት ግን የዚያኑ ዓርብ ወደ ቤት ስንሄድ ነው። መዝጊያውን ስበን ቆልፈናል፣ መንገዱ ከአውቶቡስ ባዶ ሆኗል፣ ከየመስኮቱ የሻባት ወጥ ይሸታል፣ ፀሐይ ወደ ባሕሩ አዘንብላ ጥላችንን ከፊታችን አስረዝማለች። ብዙ ተራመድን። የአትክልት ሥፍራው አጥር ጋ፣ ራሱ የተከላቸው ጽጌረዳዎች አጠገብ፣ ቆመና ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ፣ መዳፉን ወደ ላይ።

«እስቲ ጻፊልኝ» አለ። «ሻባት ሳይገባ፤ ከገባ አይጻፍም።»

መዳፉ የመቀስና የአካፋ ቆዳ ነበረው፣ ጠንካራ፣ የተሰነጣጠቀ። በጣቴ ከላይ ወደ ታች አንድ መስመር፣ ከዚያ አግድም አንድ ጻፍኩበት። እየተከተለ አየ። እንደገና በይ አለኝ፤ እንደገና ጻፍኩ። ከዚያ እጁን ጨበጠና ኪሱ ከተተ፣ መንገዳችንን ቀጠልን። ቀጣዩን ፊደል አልጠየቀኝም፤ በሌላ ቀንም፣ በሌላ ዓመትም አልጠየቀኝም።

አሁን የለም። እኔ በሁለት ቋንቋ ብዙ ጽፌያለሁ፤ የሚወዱት አሉ፣ የሚረግሙት ይበዛሉ። ከጻፍኩት ሁሉ አባቴ ያነበበው ግን ያችን አንዲት ፊደል ብቻ ነው።